የቱርቦ ናፍጣ መኪና በደጋ አገር፦ ያገለገለ መኪና ለሚገዛና ለሚያሽከረክር ሰው የሚሆን ፊዚክስ

ተማሪዎቻችን የጋዞችን ሕግ በሚማሩበት ክፍለ ጊዜ በየዓመቱ ማለት ይቻላል የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ባለ 4.2 ሊትር ሞተር ያለው፣ ነገር ግን ቱርቦ የሌለው ላንድክሩዘር ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ፣ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር የሆነች ቱርቦ ያላት ፒክ አፕ ጥላው የምታልፈው ስለ ምንድን ነው? ትልቅ ሞተር ትልቅ ጉልበት አለው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ በዚህ ዳገት ላይ የማይሠራው ለምንድን ነው?

የጥያቄው መልስ ለፈተና ከሚያስገኘው ነጥብ የበለጠ ዋጋ አለው። በአገራችን ያገለገለ መኪና መግዛት ማለት ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባን፣ ዕቁብን፣ አንዳንዴም ከዘመድ የተበደሩትን ገንዘብ በአንድ ቀን ለአንድ ሰው ማስረከብ ማለት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ለሽያጭ የሚቀርቡት የናፍጣ መኪናዎች በአብዛኛው አስቀድመው የገቡት፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉትና በየዓመቱ ዕድሜያቸው የሚጨምረው ናቸው። ገዢው ከመኪናው ጋር የቀድሞዎቹን ባለቤቶች አነዳድም አብሮ ይገዛል። ይህ አነዳድ በደላላ አንደበት አይነገርም፤ በሞተሩ ላይ ግን ተጽፎ ይገኛል። ጽሑፉን ለማንበብ የሚያስፈልገው የፊዚክስ ዕውቀት በአብዛኛው ከአሥራ አንደኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት አያልፍም።

ሞተር አየርን የሚቈጥረው በኪሎ ግራም ነው

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ለሐሳቡ የባለቤትነት መብት ማመልከቻ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1892 ሲሆን፣ ሞተሩ በአውግስቡርግ ከተማ በ1897 በተደረገለት ፈተና ከነዳጁ ኃይል 26 ከመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለውጧል። በዚያ ዘመን ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ የላቀ ውጤት ነበር። የሐሳቡ እምብርት ቀላል ነው። ፒስተኑ ንጹሕ አየር ብቻ ይስባል፤ ያንን አየር ይዘቱ ከ16 እስከ 22 ጊዜ እስኪያንስ ድረስ ይጨምቀዋል። በድንገት የተጨመቀ ጋዝ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት ጊዜ ስለማያገኝ መጠነ ሙቀቱ በኃይል ይጨምራል። በዚህ በጋለ አየር ውስጥ ናፍጣ ሲረጭ ያለ ካንዴላ ራሱ ይቀጣጠላል።

እንግዲህ ጉልበትን የሚወስነው የሚረጨው ናፍጣ መጠን ይመስላል፤ ሆኖም ናፍጣ እንዲቃጠል አየር ያስፈልገዋል። አንድ ኪሎ ግራም ናፍጣ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ቢያንስ 14.5 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጁ የሚረጨው በመጨረሻው ቅጽበት በመሆኑና ከአየሩ ጋር በደንብ የሚደባለቅበት ጊዜ አጭር በመሆኑ፣ ጥቁር ጢስ ሳይወጣ ለማቃጠል በተግባር 20 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ለአንድ ኪሎ ግራም ናፍጣ መመደብ ይገባል። ስለዚህ ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ፣ ሞተሩ በአንድ ደቂቃ ስንት ኪሎ ግራም አየር ይተነፍሳል የሚለው ነው።

ባለ 2.5 ሊትር ሞተር በደቂቃ 2,000 ዙር ይሽከረከራል እንበል። ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚተነፍስ፣ በደቂቃ 1,000 ጊዜ 2.5 ሊትር፣ ማለትም 2.5 ሜትር ኩብ አየር ይስባል። በባሕር ጠለል ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአንድ ሜትር ኩብ አየር መጠነ ቁስ 1.2 ኪሎ ግራም ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 101 ኪሎ ፓስካል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ብቻ ማለት ነው። መጠነ ሙቀቱ እኩል ከሆነ እፍግታውም በዚያው ልክ ይቀንስና 0.9 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይሆናል። አንዱና ያው ሞተር በባሕር ዳርቻ 3 ኪሎ ግራም አየር ሲስብ በአዲስ አበባ የሚስበው 2.26 ኪሎ ግራም ብቻ ነው።

ቀሪው ሒሳብ በማባዛትና በማካፈል ይወጣል። አየሩን ለ20 ስናካፍል የናፍጣው መጠን በባሕር ጠለል 0.15፣ በአዲስ አበባ 0.113 ኪሎ ግራም በደቂቃ ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም ናፍጣ 43 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል አለው፤ ከዚህ ውስጥ 35 ከመቶው ወደ ሥራ ይለወጣል ብንል በባሕር ጠለል 38 ኪሎ ዋት፣ በአዲስ አበባ 28 ኪሎ ዋት እናገኛለን። የላንድክሩዘሩም ምሥጢር ይኸው ነው። ዋን ኤች ዜድ በመባል የሚታወቀው ባለ 4.2 ሊትር ሞተር በፋብሪካው መግለጫ ላይ 96 ኪሎ ዋት ተጽፎለት ቢመጣም፣ በእንጦጦ ሥር ሲደርስ ከሩብ የሚበልጠውን በመንገድ ጥሎት መጥቷል። በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ አያሳስበውም፤ በከተማችን የበረከቱት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ዳገት ላይ የሚፈጥኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቱርቦ ምን ይሠራል?

ወደ ናፍጣ ሞተር ከሚገባው ኃይል ውስጥ ሲሶ የሚያህለው በጭስ ማውጫው በኩል በጋለ ጋዝ መልክ ይባክናል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ይህ የሚባክን ጋዝ ተርባይን እንዲያሽከረክር፣ ተርባይኑም በአንድ ዘንግ የተያያዘውን መጭመቂያ አሽከርክሮ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ እንዲያስገባ የሚያደርግ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 በባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ዘዴው በመርከብና በባቡር ሞተሮች ላይ ለብዙ ዓመታት ከሠራ በኋላ ወደ ተራ የቤት መኪና የገባው ዘግይቶ ነው፤ በብዛት ተመርቶ ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው የቱርቦ ናፍጣ የቤት መኪና እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው መርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስ ዲ ነበር።

አንድ መካከለኛ ቱርቦ በዙሪያው ካለው አየር ግፊት በላይ 80 ኪሎ ፓስካል ይጨምራል እንበል። በአዲስ አበባ ጠቅላላው ግፊት 76 ሲደመር 80፣ ማለትም 156 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ የተጨመቀ አየር ይሞቃል። ግፊቱ በ2.05 እጥፍ ሲያድግ፣ የመጭመቂያው ብቃት 70 ከመቶ ቢሆን፣ በ20 ዲግሪ የገባው አየር በ115 ዲግሪ ይወጣል። የሞቀ አየር ደግሞ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ከራዲያተሩ ፊት ወይም ከሞተሩ በላይ የሚቀመጠው ኢንተርኩለር አየሩን ወደ 60 ዲግሪ ዝቅ ሲያደርገው እፍግታው ከ1.40 ወደ 1.63 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይወጣል። ይህም የ16 ከመቶ ትርፍ ነው። በዚህ ስሌት ባለ 2.5 ሊትር ሞተራችን በደቂቃ 4 ኪሎ ግራም የሚያህል አየር አግኝቶ 51 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ቱርቦው ባይኖር 28 ነበር። የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት አንባቢው እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ በኋላ በሙከራ መንዳት ጊዜ እንመለስበታለን።

ቱርቦ የከፍታን ጉድለት ሙሉ በሙሉ ያካክሳል የሚባለው ግን ትክክል አይደለም። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ ግፊቱን የሚቆጣጠረው ቫልቭ የሚሠራው በስፕሪንግ ሲሆን፣ የሚለካውም በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በጅቡቲ 101 ላይ 80፣ በአዲስ አበባ 76 ላይ 80 ይጨምራል። ስለዚህ አሁንም ጥቂት ጉድለት አለ። ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ ሌላ ነው። በጅቡቲ መጭመቂያው ግፊቱን በ1.8 እጥፍ ሲያሳድግ በአዲስ አበባ በ2.05 እጥፍ ማሳደግ አለበት፤ ለዚህም ዘንጉ ይበልጥ በፍጥነት መሽከርከር ይኖርበታል። በደጋ የኖረ ቱርቦ፣ የሄደበት ኪሎ ሜትር እኩል ቢሆንም፣ በቆላ ከኖረው ይልቅ ደክሟል ማለት ነው።

ፍጥነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንመልከት። የአነስተኛ ቱርቦ ዘንግ በደቂቃ 150,000 ዙርና ከዚያም በላይ ይሽከረከራል። የመጭመቂያው ጎማ ዲያሜትር 45 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የጠርዙ ፍጥነት በሴኮንድ 353 ሜትር ይሆናል፤ ይህ በተራ አየር ውስጥ ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። በጠርዙ ላይ ያለው ወደ መሐል የሚያዘነብለው ሽምጠጣ የመሬት ስበት ሽምጠጣን 560,000 ጊዜ ያህል ያጥፋል። አንድ ግራም የሚመዝን የአቧራ ወይም የብረት ቅንጣት በዚያ ጠርዝ ላይ ቢጣበቅ ዘንጉን ወደ አንድ ጎን የሚስበው ከግማሽ ቶን በላይ ክብደት በሚያህል ጉልበት ነው። ይህን የሚሸከመው በዘንጉና በቡሽው መካከል ያለው፣ ከፀጉር የሚቀጥን የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ከዘንጉ አንድ ጫፍ ላይ ተርባይኑ በብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል፤ በዳገት ላይ ከ700 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ዘይቱ ቢቆሽሽ፣ ቢያንስ ወይም ዘግይቶ ቢደርስ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

መኪናውን ከመግዛት በፊት

የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረገው ሞተሩ ሳይነሣ ነው። ቀጠሮው ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሆን ይመረጣል። ገዢው እንደደረሰ ኮፈኑን አስከፍቶ እጁን በጥንቃቄ ወደ ሞተሩ ያስጠጋ። ሞተሩ ሞቅ ብሎ ከተገኘ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታልና ቀጠሮውን ለሌላ ቀን ማዛወር ይሻላል። ይህን ያህል የማጥበቄ ምክንያት ከጨመቃው ሒሳብ የሚመነጭ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የአዲስ አበባ አየር 8 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። ጤናማ ሞተር ይህን አየር 18 ጊዜ ሲጨምቀው፣ ወደ ቀዝቃዛው ግድግዳ የሚያመልጠው ሙቀት ታስቦ እንኳ (በጋዞች ሕግ ያለውን ኤክስፖነንት 1.3 ብንወስድ) መጠነ ሙቀቱ 400 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የፒስተኑ ፋሻዎች ተበልተው አየር በጎናቸው የሚያመልጥ ከሆነ ኤክስፖነንቱ ወደ 1.2 ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የምናገኘው 230 ዲግሪ ብቻ ነው። ይህ ናፍጣ ራሱን ለማቀጣጠል ከሚችልበት ወሰን ዳር ላይ ነው። ሞተሩ ይንጫጫል፣ ይተኩሳል፣ ነጭ ጢስ ይተፋል እንጂ ቶሎ አይነሣም። አንድ ጊዜ ከሞቀ በኋላ ግን ያው ሞተር በአንድ ቁልፍ ይነሣል። የሞቀ ሞተር ያረጀውን ፋሻ ይሸፍንለታል።

ከተነሣ በኋላ የሚታየው ጢስ ነው። በብርድ ማለዳ ለጥቂት ደቂቃ የሚወጣ ነጭ እንፋሎት የተለመደ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ካልጠፋና የራዲያተሩ ውኃ በየጊዜው የሚጎድል ከሆነ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ውኃ እያሳለፈ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ መንገዱ በፋሻዎቹ፣ በቫልቮላዎቹ ወይም በቱርቦው ዘንግ በኩል ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጢስ የአየርና የናፍጣ ሚዛን መዛባቱን ያሳያል፤ የአየር ማጣሪያው ታፍኖ፣ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ ተሰንጥቆ፣ ቱርቦው ደክሞ ወይም ኢንጀክተሩ እያንጠባጠበ ይሆናል። "ናፍጣ ስለሆነ ነው" የሚለውን የሻጭ መልስ መቀበል አይገባም፤ ጤናማ የናፍጣ ሞተር በረጋ ጉዞ ላይ ለዓይን የሚታይ ጢስ አይኖረውም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጢስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ ጥላሸት የሚተፋ መኪና ከኋላው ያለውን እግረኛና በመኪናው ውስጥ ያሉትን ልጆች ሁሉ የሚነካ ጉዳይ ነው።

ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ቢላላ ትንሽ ትንፋሽ መውጣቱ የሚጠበቅ ነው። ትንፋሹ ክዳኑን የሚያነሣ፣ እየቆራረጠ እንደ ባቡር ጢስ የሚወጣ ከሆነ ግን ፒስተኑ የጨመቀው ጋዝ ወደ ታች እያመለጠ ነው። "ሞተሩ ያልተነካ ነው" የሚባለው አነጋገር እዚህ ላይ ትርጕም ያጣል፤ ሞተሩ ያልተነካ የሆነው መነካት የነበረበት ጊዜ አልፎም ሊሆን ይችላል።

የቱርቦው ምርመራ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ይከናወናል። ታማኝ መካኒክ ከአየር ማጣሪያው የሚመጣውን ቱቦ ሲፈታው የመጭመቂያው ጎማ ይታያል። ዘንጉ በዘይት ላይ እንዲንሳፈፍ ስለተሠራ ወደ ጎንና ጎን ጥቂት መነቃነቁ ጉድለት አይደለም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሳብ ከሆነ ወይም ክንፎቹ ቤቱን ፈግፍገው ከተገኙ ግን ቱርቦው አልቋል። የክንፎቹ ጠርዝም ይታይ። በኮረኮንች መንገድ ላይ በተቀደደ ወይም በደንብ ባልተገጠመ ማጣሪያ የተነዳ መኪና ክንፎቹ በአሸዋ እንደተሞረዱ ቢላዎች ሳስተው ይገኛሉ። ከማጣሪያው ወዲህ ባለው ቱቦ ውስጥ አቧራ በጣት ከተነካ ያ አቧራ ወደ ፒስተኖቹም ደርሷል።

አንድ ብርቅ ግን አደገኛ ሁኔታ ሳልጠቅስ አላልፍም። የቱርቦው ዘንግ ዘይት ማሳለፍ ሲጀምር ዘይቱ ከአየሩ ጋር ወደ ሞተሩ ይገባል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ናፍጣና ዘይት አይለይም። ቁልፉ ሲዘጋ የሚቋረጠው ናፍጣው ስለሆነ፣ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያነደደ ፍጥነቱን እየጨመረ እስኪሰባበር ሊሽከረከር ይችላል። መኪናው ቆሞ ከሆነና ካምቢዮው በእጅ የሚሠራ ከሆነ፣ ፍሬንና የእጅ ፍሬን አጥብቆ ይዞ፣ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ሞተሩን ማነቅ ይቻላል። ወደ ጮኸው ሞተር ፊትንና እጅን ማስጠጋት ግን አይገባም።

ኢንጀክተሮቹ ከቱርቦው ያልተናነሰ ወጪ አላቸው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ ያለው የመርጫ ግፊት በጥቂት መቶ ባር የሚቈጠር ነበር፤ ኮመን ሬይል በሚባለው ሥርዓት ግን 1,600 ባርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። 1,600 ባር ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የ1.6 ቶን ጭነት ነው። እንዲህ ያለ ግፊት የሚይዙ ክፍሎች የተጋጠሙበት ልዩነት በማይክሮ ሜትር የሚለካ ስለሆነ፣ ውኃ የገባበት ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ፈጥኖ ያበላሻቸዋል። የተንኳኳ ድምፅ፣ የሚንቀጠቀጥ ዝግተኛ ዙርና ያልተስተካከለ ጢስ ምልክቶቹ ናቸው። አራት ኢንጀክተር የመቀየር ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ሶማሌ ተራ ወርዶ ጠይቆ መመለስ ከድርድሩ በፊት የሚሠራ የቤት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሙከራ መንዳት እንሂድ። ብዙ ሰው መኪናውን በሰፈር አንድ ዙር አዙሮ "ደኅና ነው" ይላል፤ እኔ ግን ሙከራው መለኪያ ቢኖረው እመርጣለሁ። ቀጥ ባለና ባዶ በሆነ መንገድ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የወሰደውን ጊዜ ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው በስልኩ ይለካ። ከነተሳፋሪዎቹ 1,900 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በዚህ ፍጥነት ለውጥ የሚያገኘው የእንቅስቃሴ ኃይል 352 ኪሎ ጁል ነው። 9 ሴኮንድ ከፈጀ አማካይ ጉልበቱ 39 ኪሎ ዋት፣ 15 ሴኮንድ ከፈጀ 23 ኪሎ ዋት ይሆናል (የአየርና የጎማ ሰበቃ ሳይጨመር)። ከላይ ባየነው ሒሳብ መሠረት የመጀመሪያው ቱርቦው የሚሠራ፣ ሁለተኛው ቱርቦው ስም ብቻ የሆነበት መኪና ነው። በተመሳሳይ ዓይነት ሁለት ወይም ሦስት መኪናዎች ላይ በአንድ መንገድ ቢለካ ንጽጽሩ ይበልጥ ይታመናል። በጉዞው ላይ እንደ ሳይረን የሚጮህ ድምፅ ከተሰማ የዘንጉን ሕመም፣ የሚያፏጭና ከጉልበት ማጣት ጋር የሚመጣ ድምፅ ከሆነ የተሰነጠቀ ቱቦን ይጠቁማል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቁጥር ማስረጃ አይሆንም፤ ወደ ኋላ ማስመለስ ቀላል ነውና። የሊብሬው፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር መመሳሰሉን፣ በመኪናው ላይ የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩን ማረጋገጥ ግን የግድ ነው።

ከገዙ በኋላ

ሞተሩ እንደተነሣ ነዳጅ መስጫውን መርገጥ ለቱርቦው ጎጂ ነው። ዘይቱ ከታች ከተኛበት ተነሥቶ ወደ ዘንጉ እስኪደርስ ጥቂት ሴኮንዶች ያስፈልጉታል፤ በብርድ ማለዳ ዘይቱ ስለሚወፍር ጊዜው ይረዝማል። ግማሽ ደቂቃ ጠብቆ በዝግታ መነሣት በቂ ነው።

ዳገት ላይ በትልቅ ማርሽ ሞተሩን ማስጨነቅ ነዳጅ ይቆጥባል ብለው የሚያምኑ አሉ። በደቂቃ 1,200 ዙር ላይ የሚወጣው ጋዝ ተርባይኑን በሚገባ ለማሽከርከር አይበቃም፤ መጭመቂያው አየር አያመጣም፤ የተረጨው ናፍጣ አየር አጥቶ ጥላሸት ይሆናል። ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ወደ 1,800 ወይም 2,000 ዙር ማድረስ ነዳጁንም ፒስተኑንም ይጠቅማል።

ሞተሩን ከማጥፋት በፊት አምስት ደቂቃ ማቆየት በብዙ ሾፌሮች ዘንድ እንደ ደንብ ተይዟል። በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ተነድቶ ለቆመ መኪና ይህ አስፈላጊ አይደለም፤ ናፍጣ ማባከንና ግቢውን በጢስ መሙላት ነው። ከረጅም ዳገት በኋላ ግን ይለያል። የጋለው ተርባይን ዘይት መፍሰሱ በቆመበት ቅጽበት ሙቀቱን ወደ ዘንጉ ይልካል፤ በዚያ የቀረው ጥቂት ዘይት ይጠበስና እንደ ከሰል የጠጠረ ቅሪት ይሆናል። ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን ላይ ቡና ለመጠጣት የሚቆም ሰው ሁለት ደቂቃ ያህል ቢያስቆየው ቱርቦው ዕድሜ ይጨምራል።

ዓባይን ካነሣን ዘንድ የቁልቁለቱን ነገር እናስላ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ድረስ መንገዱ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና በዚህ ከፍታ ላይ ያለው እምቅ ኃይል 27 ሜጋ ጁል ነው። ወደ ደጀን ሲወጣ ይህን ለመክፈል፣ የሞተሩ ብቃት 35 ከመቶ ቢሆን፣ ለስበት ብቻ 2.2 ሊትር ናፍጣ ያወጣል። ሲወርድ ደግሞ ያው 27 ሜጋ ጁል ወደ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። አንዳንድ ሾፌሮች ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አድርገው ይወርዳሉ። እንዲህ ሲሆን፣ የአየሩ ሰበቃ ከሚወስደው በቀር፣ ኃይሉ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ያርፋል። የአራቱም ጎማዎች የፍሬን ብረት በአንድነት 40 ኪሎ ግራም ይመዝን ቢባልና ሙቀቱ ወደ አየር ባይወጣ ብረቱ 1,500 ዲግሪ ይደርስ ነበር፤ ይህ ብረት ከሚቀልጥበት ብዙ አይርቅም። እርግጥ በጉዞው ላይ አብዛኛው ሙቀት ወደ አየር ይወጣል፤ ይሁን እንጂ ፍሬኑ የሚይዝበትን ኃይል ለማጣት፣ የፍሬን ዘይቱም ለመፍላት ከዚህ እጅግ ያነሰ ሙቀት ይበቃቸዋል።

ቁጠባው ራሱ የለም። የኮመን ሬይል ሞተር በማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የሞተሩ ኮምፒውተር መርጨቱን ጨርሶ ያቋርጣል፤ ጎማዎቹ ናቸው ሞተሩን የሚያሽከረክሩት። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ያለማቋረጥ ናፍጣ ይረጫል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን ሳይደገፉበት፣ አልፎ አልፎ አጥብቆ እየያዙና እየለቀቁ መውረድ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር አየሩን የሚያንቅ በር ስለሌለው መጎተቱ ደከም ያለ መሆኑን አስቦ ማርሹን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይመረጣል። የተቃጠለ የፍሬን ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ካለ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርጎ፣ ፍሬኑ በራሱ እንዲቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። ውኃ ማፍሰስ አይገባም፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ላዩ ቶሎ ይኮማተርና ይሰነጠቃል።